ቅዳሜ የተሰጣ አንሶላ

በከተማችን የእርግብ ውድድር ባለበት ቅዳሜ ልብስ አይሰጣም። ነጭ ነገር ሲውለበለብ እርግብ ስለሚበረግግ ሰማይ ላይ ይዞራል እንጂ አይወርድም። የድንጋይ ከሰል ጉድጓዱ ከተዘጋ ወዲህ ብዙ ወግ ቀርቷል፤ ይህ ግን አልቀረም። የጉድጓዱ ሠራተኞች ጡረታ ወጣን፤ እርግቦቻችን አልወጡም።

እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ጋዝ ለኪ ነበርኩ። አሁን የእርግብ ማኅበሩን ሰዓት እይዛለሁ። ከሩቅ ተለቆ የሚመለስ እርግብ በእርግብ ቤቱ መስኮት ካልገባ፣ ጣሪያው ላይ ቢያርፍም እንደደረሰ አይቆጠርም።

የዚያን ቀን ሰዓቴን ይዤ ጎረቤቴ ሉድቪክ ግቢ ቆሜያለሁ። ሚስቱ ጀኖዌፋ ከጣሪያው ሥር ያለውን የእርግብ ቤት ጠራርጋ፣ ጉድጓዱን ሊጎበኙ ለሚመጡ ቱሪስቶች ልታከራየው ቆርጣለች። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ተስማሙ፤ ካቦ የተባለው እርግቡ ዛሬ አንደኛ ከወጣ እርግቦቹ ይቀመጣሉ፣ ካልወጣ በእነሱ ቦታ የእንግዳ አልጋ ይገባል።

ካቦ ሁልጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል። ችግሩ፣ ከግቢው ግርጌ ያለው ወንዝ ድንበር ነው፤ ማዶው የቼክ አገር ነው። ካቦ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ማዶ፣ ኦታካር የሚባል እርግብ አርቢ ጣሪያ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ግራጫ እርግብ ጋ ጎራ ይላል። እሱ ሲሽኮረመም የሌላው ሰው እርግብ ይገባል። ሉድቪክ ይህን ለሚስቱ ነግሯት አያውቅም፤ ያፍራል።

"ሚስትህ የት ሄደች?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቃለሁ። ልብስ አታስጣ እንጂ የፈለገችበት ትሂድ" አለኝ፣ ዓይኑን ከሰማይ ሳይነቅል።

እኔ ግን ወደ ታች አየሁ። ጀኖዌፋ ሳፋዋን ታቅፋ ድልድዩን ተሻግራለች። ኦታካር መቆንጠጫ በጥርሱ ይዞ ሰገነቱ ላይ ገመድ ይወጥርላታል። ወደ ወንዙ ሮጥኩ።

"አንቺ ሴትዮ! ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው!"

"እናንተ ጋ ነው ቅዳሜው። እዚህ ሌላ አገር ነው" አለችና የመጀመሪያውን አንሶላ ዘረጋች።

"ኦታካር፣ አንተስ አታፍርም?"

መቆንጠጫውን ከአፉ አወጣ። "እንግዳ አይባረርም" አለኝ። ወደ እሷ ዞሮ ደግሞ፣ "ይኸው ብቻ ነው? የትራስ ልብስ አላመጣሽም?"

ያኔ ካቦ መጣ። እንደ ልማዱ ቀጥታ ወደ ግራጫዋ ወረደ። ነፋሱ አንሶላዎቹን ሲያማታቸው ካቦ አየር ላይ ተገለበጠ፤ ወንዙን አቋርጦ እንደ ድንጋይ ተወርውሮ የሉድቪክን መስኮት ገባ። ሮጬ ተመልሼ መዘገብኩት። አንደኛ ወጣ።

ማዶ ጀኖዌፋ እጇ ገመዱ ላይ ደርቆ ቀረ። ኦታካር፣ "ተመስገን፣ ያ ጎረምሳ ዛሬ እንኳ ልጄን አልነካብኝም" ሲል ሰማሁት።

ምሳ አብረን በላን።

"አንቺ እኮ አላመንሽኝም ነበር" አላት ሉድቪክ። "ምስጢሩ ምግቡ ነው። ረቡዕ አተር፣ ሐሙስ ገብስ…"

"ሾርባህ ቀዘቀዘ።"

"…ዓርብ ጥቂት በቆሎ። ይኼ ነው እንግዲህ ሙያ ማለት። የምትጠይቂው አለ?"

ጀኖዌፋ እኔን አየች። እኔ ሳህኔን አየሁ።

"የለም" አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

"አልገባሽም ማለት ነው" አለና ከረቡዕ ጀመረላት።