በፊት ካሜራ የተነሳው ኮት

ጋሽ ሰላሁን ልብስ ሰፊ ናቸው። «ልብስ ሰፊ» ብቻ ሲባሉ ግን ደስ አይላቸውም፤ «ኮት ሰፊ» መባል ይፈልጋሉ። ሱሪማ ማንም ይሰፋዋል፣ እንደ እሳቸው አባባል። ኮት ግን ትከሻ አለው፣ ኮሌታ አለው፣ ከገበሩ ሥር ደግሞ ማንም የማያየው አንድ ሙሉ ሥራ አለው፤ ሰፊ የሚለየው እዚያ ላይ ነው። ልደታ ውስጥ አርባ አንድ ዓመት ሰፍተዋል። መጀመሪያ በቆርቆሮ ሱቅ ነበር፤ ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ደግሞ ከፎቁ ሥር ወዳለች አንዲት ክፍል ገቡ። በዚህ ሁሉ ዘመን «ኮቱ ትከሻዬ ላይ አልተቀመጠም» ብሎ የተመለሰባቸው ሰው የለም። ይህንንም ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ይናገራሉ። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ተረት ሲነሳ «እሱን ያወጣው ሙያ የሌለው ሰው ነው» ይላሉ።

እንግዲህ እኚህን ሰው ነው ዓይናቸው የከዳቸው። የሞራ ግርዶሽ ያዛቸውና ባለፈው ጥር ለአንድ ሚዜ የሰፉት ሱሪ አንዱ እግሩ ከሌላው በሁለት ጣት አጥሮ ወጣ። ሚዜው ጨዋ ሆኖ ዝም አለ። ልጃቸው ባሮክ ግን ዝም አላለም። ባሮክ ሜክሲኮ ካሉት ባንኮች በአንዱ ይሠራል፤ አባቱን ይወዳል፣ ፍቅሩ ግን ጭቅጭቅ ይበዛዋል። ሐኪም ቤት ወስዶ አሳከማቸው፣ ሞራው ተገፈፈ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ «አባዬ፣ በቃህ፣ ሱቁን ዝጋና እረፍ» ማለት የዘወትር ጸሎቱ ሆነ።

መጨረሻ ላይ ተዋዋሉ። አዳማ ውስጥ አዲስ የሚከፈት አንድ ሆቴል ለወንድ አስተናጋጆቹ ሠላሳ ስድስት ኮት ሊያሰፋ ፈልጎ ናሙና ጠይቋቸው ነበር።

«ናሙናዬ ካለፈ ይቺን የእረፍት ወሬ ሁለተኛ አታነሳትም» አሉ ጋሽ ሰላሁን።

«ካላለፈስ?»

«ካላለፈ ዘግቼ ቤቴ እገባለሁ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንዲት ቃል አልተነፍስም።»

ባሮክም እሺ አለ። በልቡ ግን እንደማያልፍ እርግጠኛ ነበር፤ ጋሽ ሰላሁንም ይህን ፊቱ ላይ አንብበው ቆሽታቸው አርሯል።

ናሙናውን ሰባት ቀን ሰፉት። የቁልፍ ቀዳዳ የምትጠልፍላቸው ሃኒ፣ ስምንት ዓመት አብራቸው የሠራችው፣ እንዲህ ተጨንቀው አይታቸው አታውቅም። ኮሌታውን ሁለት ጊዜ ፈቱት። ገበሩን በእጃቸው ሰፉት። በስምንተኛው ቀን ጠዋት በካውያ አስተኝተው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቱን ሲያለብሱት፣ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነው፣ ራቅ ብለው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩትና ደረታቸው ተነፋ። ሃያ ዓመት የቀነሱ መሰላቸው።

ሴና የምትባለው የሆቴሉ የግዢ ኃላፊ መጀመሪያ ፎቶ ላኩልኝ ብላ የባሮክንም ቁጥር ተቀብላ ነበር። ባሮክ «ምሳ ሰዓት መጥቼ አነሳልሃለሁ፣ አንተ እንዳትነካካው» ብሏቸዋል። እንዳትነካካው የሚል ቃል ለጋሽ ሰላሁን አይነገርም። ኮቱን የሰፋ ሰው ፎቶው ያቅተዋል? ታብሌቱን የገዛላቸው ራሱ ባሮክ ነው፤ ቤት ቁጭ ብለው መዝሙር እንዲያዩበት። እሳቸው ግን ሱቅ አምጥተውት የሚጠቀምበት ሰው ቢኖር ሃኒ ናት። ቴሌግራም መክፈት፣ ድምፅ መላክ፣ ክቧን ነጥብ ነክቶ ፎቶ ማንሳት ያስተማረቻቸውም እሷ ናት። በዚያን ሰዓት ክር ልትገዛ መርካቶ ሄዳለች።

ታብሌቱን ሲንጀር የስፌት መኪናቸው ላይ አስደግፈው ካሜራውን ከፈቱት። ወዲያው አሻንጉሊቱና ኮቱ የታብሌቱ መስታወት ላይ ወለል ብለው ወጡ። ጋሽ ሰላሁን ከጎን ሆነው አዩት፤ ምንም የጎረበጣቸው ነገር የለም። ኮት እንዲያውም ሲያዩት የኖሩት እንዲሁ ነው፤ ደንበኛውን ከትልቁ መስታወት ፊት አቁመው፣ ከኋላው ሆነው፣ መስታወቱ ውስጥ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ «ይሄ ትከሻ ይነሳ፣ ይሄ ወገብ ይጥበብ» ያሉት መስታወት ውስጥ እያዩ ነው። ነጥቧን ነኩ። ቀጭ አለች። ለሴና ላኩና፣ ድምፅም አስከትለው «ልጄ ሴና፣ ይኸውልሽ፣ እንዲህ ነው ኮት» አሉ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ። ተደስተው ከፈቱት።

«ጋሽ ሰላሁን፣ እንደምን ዋሉ» ይላል የሴና ድምፅ። «ስፌቱ በጣም ንጹህ ነው። ግን እኛ ያዘዝነው የወንድ ኮት ነበር። እርስዎ የላኩልን የሴት አቆላለፍ ነው፤ ቁልፎቹ በግራ በኩል ናቸው፣ የደረት ኪሱም በቀኝ ነው የወጣው። ሌላ ናሙና የምንጠብቅበት ጊዜ የለንም። ይቅርታ ያድርጉልን፣ ለልጅዎም ጽፌላቸዋለሁ።»

ጋሽ ሰላሁን ሦስት ጊዜ ሰሙት። ፎቶውን ከፍተው አዩት፣ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። እውነቷን ነው። የደረት ኪሱ በቀኝ ነው። ዱካው ላይ ተቀመጡ። የወንድ ኮት ቁልፉ በቀኝ፣ ቀዳዳው በግራ፣ ኪሱ በልብ በኩል፤ ይህን የአንድ ሳምንት ተለማማጅ ያውቀዋል። ይህን ከሳቱ ዓይን ብቻ አይደለም የሄደው። ሰው ሳያያቸው ብቻቸውን አፈሩ።

ባሮክ የመጣው ከሃኒ ጋር ደጃፉ ላይ ተገናኝቶ፣ ሴና የጻፈችለትንም ነግሯት ነው። ጋሽ ሰላሁን ጩኸት ጠብቀው ነበር። ልጃቸው ግን አጠገባቸው በርከክ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብሎ ተናገረ።

«አባዬ፣ አይዞህ። አንተ ማሳየት የሚገባህን አሳይተሃል። በቃ፣ አይደል?»

ይሄ ከጩኸት የባሰ ነበር።  ቃላቸው ቃል ነው፤ አንዲት ቃል አልተነፍስም ብለው ምለዋል።

ሃኒ ግን አልማለችም። ታብሌቱን አየችና ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«የምን የሴት አቆላለፍ! ቀዳዳዎቹን የጠለፍኩት እኔ ነኝ። በግራው ፊት ላይ ነው የጠለፍኩት። የእኔንም ዓይን ሞራ ጋርዶታል በሉኛ!»

ጋሽ ሰላሁን ቀና አሉ። ከዱካው ተነስተው ወደ አሻንጉሊቱ ሄዱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና ኮቱን በእጃቸው ዳሰሱት። ዓይን ቢከዳ እጅ አይከዳም። የደረት ኪሱን አገኙት፤ በልብ በኩል። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነኩ፤ በቀኝ።

«ባሮክ፣ ና እስቲ። ያንተ ኮት ቁልፉ በየት በኩል ነው?»

ባሮክ ባንክ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ኮት ለብሶ የሠራ ሰው ነው፤ ያም ሆኖ ጎንበስ ብሎ ደረቱን ማየት ግድ ሆነበት። «በቀኝ» አለ።

«የዚህስ?»

ባሮክ አሻንጉሊቱን አየ፣ የራሱን አየ፣ እንደገና አሻንጉሊቱን አየ። «በቀኝ» አለ፤ ግራ ገባው። «ፎቶው ላይ ግን…»

ጋሽ ሰላሁን አላስጨረሱትም። አሻንጉሊቱን ወገቡን አቅፈው እየጎተቱ ከትልቁ መስታወት ፊት አቆሙት። መስታወቱ ውስጥ ኪሱ በቀኝ ሆነ። ቁልፎቹ በግራ። ልክ እንደ ፎቶው።

«ይኸውላችሁ» አሉ። ድምፃቸው ተመለሰ። «ይሄ ዕቃ ፎቶ አላነሳም፤ መስታወት ሆኖ ነው ያየው። እኔ ደግሞ ኮትን መስታወት ውስጥ ማየት ስለለመድኩ መዞሩን አላወቅኩትም። ኮት ሰፊ ባልሆን ኖሮ ወዲያው ይጎረብጠኝ ነበር።»

ባሮክ ታብሌቱን አነሳ። ካሜራውን ሲከፍት የገዛ ፊቱ ቦግ ብሎ ታየው።

«በፊት ካሜራው ነው ያነሳኸው» አለ ቀስ ብሎ።

«ፊትና ኋላ አለው እንዴ?»

ሃኒ አንገቷን ደፋች። ትናንት የራሷን ፎቶ ስታነሳ ቆይታ ሳትመልሰው የሄደችው እሷ ናት። «ጋሼ፣ ነጥቧን አስተማርኩዎት እንጂ ይቺን አላሳየሁዎትም» አለችና ሁለት ቀስት ተከታትለው የሚዞሩባትን ትንሽ ምልክት ጠቆመቻቸው። ጋሽ ሰላሁን ነኳት፤ ፊታቸው ጠፋና ሱቁ መጣ። ነኳት፤ ፊታቸው ተመለሰ። አራት አምስት ጊዜ ነኩና «በሉ ሴናን ደውሉልኝ። በምስል» አሉ።

«አባዬ፣ እኔ ላስረዳት» አለ ባሮክ።

«ኮቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ሴና አነሳች። ከኋላዋ ሠራተኞች ወንበር ሲጎትቱ ይሰማል፤ ቸኩላለች።

«ልጄ፣ ይሄ እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሰላሁን፤ ቀስቶቹን ነኩና «ይሄ ደግሞ ኮቴ ነው። ኪሱ በየት በኩል ነው?»

ሴና ጠጋ ብላ አየች። «በግራ ነው። ግን ጋሽ ሰላሁን፣ መቼ ቀየሩት? ይሄ ሌላ ኮት ነው?»

«ኮት በአንድ ሰዓት ተፈትቶ አይዞርም። ቆይ፣ ላሳይሽ።»

ታብሌቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እርምጃቸውን እየመጠኑ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ኮቱና መስታወቱ አንድ ላይ እስኪታዩ ድረስ። አሻንጉሊቱን ሃኒ ወደ ጎን አዞረችላቸው። አሁን ሴና ሁለት ኮት አየች፤ ይሄኛው ኪሱ በግራ፣ መስታወት ውስጥ ያለው ኪሱ በቀኝ። ከመስታወቱ ኮት ጀርባ ደግሞ ራሳቸው ጋሽ ሰላሁን ይታያሉ፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ፣ ታብሌቱን እንደ ታቦት ከፍ አድርገው ይዘው።

«የላኩልሽ ፎቶ የመስታወቱ ኮት ነው» አሉ። «የተከፈተው የፊቱ ካሜራ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የፎቶው ማለቴ ነው። የኮቱ አይደለም።»

ሴና ሳቀች። ከዚያ ሥራዋን ጀመረች፤ ኮሌታውን አሳዩኝ አለች፣ አሳዩዋት። እጅጌውን አለች፣ አሳዩዋት። ጋሽ ሰላሁን ሳይጠየቁ ኮቱን ገልብጠው የውስጡን የእጅ ስፌት ሁሉ አስጎበኟት፤ ስለ ክሩ፣ ስለ ትከሻው ድጋፍ፣ ሌላው ሰፊ በሙጫ ስለሚያልፈው ነገር ሁሉ። ባሮክ ግድግዳ ተደግፎ ይሰማል። ይህን ወሬ ልጅ ሆኖ ሺህ ጊዜ ሰምቶት ሰልችቶታል። አሁን ግን ካሜራው ገበሩን ተጠግቶ ሲያሳይ፣ አንዱ የክር ጥልፍ ከሌላው እኩል ሆኖ ዳር እስከ ዳር ሲሄድ አየ። ዓይኑ የጠፋ ሰው ይህን አይሰፋም።

«እኔ ተስማምቶኛል» አለች ሴና። «ቅዳሜ አዳማ መጥተው ልጆቹን ቢለኩልኝ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ፤ ልጅዎ ቅድም ሲመልሱልኝ ‹ምንም አይደለም፣ አባቴ ሥራ ሊያቆሙ ነው፣ ሱቁም ይዘጋል› ብለው ጽፈውልኛል። ሠላሳ ስድስት ኮት ጀምረው መሐል ላይ ቢዘጋብኝ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

ጋሽ ሰላሁን ታብሌቱን እንደያዙ ዞረው ልጃቸውን አዩት።  የናሙናው ማለፍ አለማለፍ የሚለየው አሁን እዚህ ላይ ነው፤ እሳቸው «አይዘጋም» ቢሉ የሽማግሌ እልህ ይመስላል። ሃኒ የያዘችውን ክር ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች።

ባሮክ ከግድግዳው ተነሳ። መጥቶ ከአባቱ እጅ ታብሌቱን ተቀበለ፣ ቀስቶቹን ነካና የገዛ ፊቱን ለሴና አሳየ። 

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። የጻፍኩትም ኮቱን ሳላይ ነው» አለ። «ሱቁ አይዘጋም። አባቴ ይለካሉ፣ አባቴ ይሰፋሉ፣ ውሉንም የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ልደታ ውስጥ እንደ አባቴ ኮት የሚሰፋ ሰው የለም።»

ሴና «እንግዲያው ቅዳሜ» ብላ ተሰናበተች። የታብሌቱ መስታወት ጠቆረ።

ጋሽ ሰላሁን ኮቱን ከአሻንጉሊቱ አውልቀው ሲያራግፉ፣ የሚራገፍ ነገር ሳይኖረው፣ ጥቂት ቆዩ። አንጀታቸው ቅቤ ጠጥቷል፤ ዓይናቸው ደግሞ ያ የታከመው ጭምር እንባ ሞልቷል። አርባ አንድ ዓመት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ያሉ ሰዎች፣ ሙሽሮች፣ መምህራን አመስግነዋቸዋል። የልጃቸው አፍ ግን ይህን ብሎ አያውቅም ነበር።

«ቅድም ምን አልካት?» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ሰምተሃል እኮ፣ አባዬ።»

«መጨረሻ ላይ ያልካትን ነው። ጆሮዬ ደግሞ ትንሽ ይደክማል።»

ጆሯቸው ምንም አይደክምም፤ ባሮክም ያውቃል፣ ሃኒም ታውቃለች። ባሮክ የምሳ ሰዓቱ አልቋል፣ ባንክ ይጠብቁታል። እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመና አንድም ቃል ሳያጎድል ደገመላቸው።