ማርያምን የማይባልበት ጨዋታ

ስደተኛ በሚበዛበት የካላክላ ሰፈር መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ የአሮጊቷ የማዘንጊያ ግቢ ይሞላል። የልጅ ልጇ ዮሳቤጥ፣ ጎረቤቷ ሉጥፊያ፣ ከሰፈሩ ዳቦ ቤት የሚመጣው ክብሮምና ሌሎች የሰፈር ልጆች ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው «ገዳይ» ይጫወታሉ። ካርታ ይታደላል፤ ጥቁሩ የደረሰው ገዳይ ነው። ሌሎቹ ተከራክረው ያወጡታል፤ እሱ ደግሞ ክዶ፣ በሰው አላክኮ ያመልጣል።

ማዘንጊያ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ስታያቸው፣ ልጆቹ ውሸት መለማመዳቸው ያስጨንቃታል። ስለዚህ ሕግ አወጣች፦ «እኔ ግቢ ወላሂም ማርያምንም የለም። ስትዋሹ ስማቸውን አትጥሩ።»

ዮሳቤጥን የሚያህል ዋሾ አልነበረም። ጥቁሩ ሲደርሳት መጀመሪያ ትንሽ ጥፋት ታምናለች። «እሺ፣ ቅድም የሉጥፊያን ካርታ ሰርቄ አይቻለሁ» ትልና አንገቷን ትደፋለች። ይህን ያመነች ትልቁን አትደብቅም ብለው ይለቋታል።

«ዮሳ፣ አንቺ እኮ ሸይጣን ነሽ» ትላለች ሉጥፊያ እየሳቀች።

ማዘንጊያ አትስቅም። ልጇ ስትሞት የተረከበቻት ዮሳቤጥን ነው፤ ሌላ ሰው የላትም።

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ዮሳቤጥ መጣችና፣ «እማማ፣ ዐማራት፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሰው ቤት ሥራ አገኘሁ። አዳር ነው። ሴትዮዋ ግን ክፉ ናት ይላሉ፤ ቶሎ ቶሎም አልመጣም» አለቻት።

ትንሿ ጥፋት ይቺው ናት፣ አለች ማዘንጊያ በሆዷ።

«እስቲ ማርያምን በዪ።»

«አትማሉ ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» ብላ ስቃ ወጣች።

በማግሥቱ ማዘንጊያ ክብሮምን በር ላይ ያዘችው። «ሁሉን ነግራኛለች» አለችው፣ ምንም ሳታውቅ። «መንገድ ላይ አደራህን፣ እንዳትለያት።»

የክብሮም ፊት በራ። «ተመስገን፣ እማማ። መደበቁ ከብዶኝ ነበር። ደላላው እስከ ሊቢያ ድረስ አብረን እንደምንሆን ነግሮናል።»

ሊቢያ። በረሃ የበላቸውን የሰፈሩን ልጆች ማዘንጊያ በስማቸው ታውቃለች። ክብሮምን ሸኝታ በሩ ላይ ቁጭ አለች።

ሲመሽ ደረቷን ይዛ ተኛች። ልቧ መድከሙን፣ ብቻዋን ማደር እንደሌለባት ሐኪም እንደነገራት ተናገረች። ዮሳቤጥ ዐይን ዐይኗን አየቻት።

«ማርያምን?»

«ማርያምን።»

የሐኪም ደጅ አልረገጠችም። ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ ሬት መረራት። ክብሮም ብቻውን ሄደ።

በቅዳም ሹር ጠዋት ከተማው በተኩስ ተናጠ። ፋሲካ ሳይፈሰክ አለፈ፤ ውኃ ጠፋ፣ ዳቦ ጠፋ፣ ከጎረቤትም ሰው ሞተ። የሉጥፊያ አባት ረሺድ ቤተሰቡን በመኪና ጭኖ ወደ መደኒ ከተማ ሊወጣ ሲል በሩን አንኳኳ።

«ያ ኻላ፣ እናቴ፣ አንድ ቦታ ተርፎኛል፤ አንድ ብቻ። ልጅቷን ስጪኝ። ያላ፣ መንገዱ ሳይዘጋ።»

ማዘንጊያ ዮሳቤጥን ስባ ጓዳ አስገባቻት።

«ስሚኝ። ልቤ ደህና ነው፤ ሐኪም ቤትም አልሄድኩ። እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው የዋሸሁሽ። አሁን ሂጂ፤ ብቻዬን እችላለሁ።»

ዮሳቤጥ ትንሽ አየቻትና ፈገግ አለች። «ትንሿን ጥፋት አምነሽ ትልቁን ልታስውጪኝ? የኔኑ ዘዴ በኔው?»

«ማርያምን፣ እውነቴን ነው።»

«ያኔም ማርያምን ብለሽኛል። ያኔ ደግሞ ጾም ነበር። አንቺ በጾም አትዋሺም።»

ማዘንጊያ ጥግ ያለውን የውኃ ጀሪካን በሁለት እጇ ብድግ አደረገች። «ይኸው፣ እዪኝ፣ ምን ሆንኩ?»

ዮሳቤጥ ነጥቃ መሬት አስቀመጠችው። ውጭ ረሺድ ጡሩንባ ነፋ፤ ደግሞ ነፋ። ከዚያ መኪናው ተነሣ፤ ድምፁ እየራቀ ሄደ።

ዮሳቤጥ አያቷን ደግፋ አልጋው ላይ አስቀመጠቻትና እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች። የአሮጊቷ ልብ ሊወጣ ይደልቃል።

«ይኸው» አለች ዮሳቤጥ በቀስታ። «ይሄ ነው ደህናው?»