የስምንተኛ «ለ» አለቃ

ስምንተኛ «ለ» ሰኞ ሉዋምን የክፍል አለቃ አድርጎ መረጠ። ማክሰኞ ጠዋት መምህር ታረቀኝ አወረዷት። እኔ የምገመገመው ረቡዕ ነበር።

መምህር ታረቀኝ ዲላ ውስጥ የዜግነት ትምህርት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ልምምድ የተላክሁት እሳቸው ዘንድ ነው። ከውጤቴ ግማሹን የሚሞሉትም እሳቸው ናቸው። ያደረግሁትን ሁሉ ይህን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

«ለምን አወረዷት?» አልኳቸው በመምህራን ማረፊያ።

«ልጅቷ ከኤርትራ የመጣች ስደተኛ ናት። ዜጋ ያልሆነ ሰው ዜጎችን ያዛል እንዴ?»

«ጋሽ ታረቀኝ፣ የአለቃ ሥራ ጠመኔ ማምጣትና የረባሽ ስም ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው።»

«ዛሬ ጠመኔ ነው። ነገስ?»

«ነገማ ከንቲባ ትሆናለቻ!» አለ ፍሬዘር። ፍሬዘር አብሮኝ የተመደበ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ራሱ እስኪስቅ ድረስ ቀልዱ አያልቅም። መምህሩ ከወጡ በኋላ ግን ድምፁን ቀነሰ። «አንቺ ምን አገባሽ? እኛ ተመርቀን ሥራ ይገኝ አይገኝ አናውቅም፣ አንቺ ለስደተኛ ሥልጣን ታፈላልጊያለሽ።»

«ሥልጣኑ ጠመኔ ነው አልኩህ።»

«ውጤትሽን የሚሞላው ግን እሱ ነው፣ እናትዬ።»

ሉዋም ዲላ የመጣችው ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው። እናቷ ከመናኸሪያው ጀርባ ፀጉር ትሠራለች። ልጅቷ ስትጣላ የምትሳደበው በአካባቢው ቋንቋ፣ በጌዴኦፋ ነው። ክፍሉ የመረጣት ስለወደዳት አይደለም፤ የቅርብ ጓደኛዋ ብትረብሽ የጓደኛዋን ስም ስለምትጽፍ ነው። ከዚህ የተሻለ የምርጫ ምክንያት አላውቅም።

«ዜጋ» የሚለውን ቃል ሰዎች ሲያከብዱት አልደነግጥም። በ2010 በግጭት ከቤታችን ተፈናቅለን ጨለለቅቱ ከተማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ስንተኛ እኔም ዜጋ ነበርኩ። ዜግነቴ ብርድ ልብስ አልሆነኝም። ሰዎች ሲያካፍሉን ሞቀን፣ ሰዎች ሲሰለቹን በረደን።

ማክሰኞ ከሰዓት መምህር ታረቀኝ ክፍሉን ለግምገማው አዘጋጁ።

«ነገ እንግዳ አለብን። ቲቸር ትንሳኤ ስትጠይቅ ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ። የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን። እሷ የምትጠራው ቀኝ ያወጣውን ነው። ገባችሁ?»

«ገባን!»

«ሉዋም፣ አንቺ ነገ ቤተ መጻሕፍት ትቀመጫለሽ።»

«ምን ላነብ?»

«የፈለግሽውን።»

በረንዳው ላይ ጠበቅኋት። «ነገ ክፍል ግቢ» አልኳት።

«ይቆጡኛል።»

«አዎ፣ ይቆጣሉ።»

«አንቺንስ ቲቸር?»

«እኔንም።»

«እሺ» አለች።

ረቡዕ ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ገምጋሚ ዶክተር ገበያነሽ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መምህር ታረቀኝ በቀኛቸው፣ ፍሬዘር በግራቸው። ሉዋም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። መምህሩ አይተዋት ፊታቸው ተለዋወጠ፤ እንግዳ ፊት ግን ምን ይበሉ?

ርዕሱ የዜጎች መብትና ግዴታ ነው። በጠየቅሁ ቁጥር እጅ እንደ ጫካ ይቆማል፤ ቀኙን መርጬ እጠራለሁ፤ መልሱ ይመጣል። ዶክተሯ ደስ ብሏቸው ይጽፋሉ። በዚያው ብጨርስ ኖሮ ከፍተኛው ውጤት የእኔ ነበር።

መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ሉዋም ከአለቃነት ለምን እንደወረደች የሚያውቅ?»

እጅ ሁሉ ወጣ። ሁሉም ግራ። የሉዋምም ግራ ነበር።

ዶክተር ገበያነሽ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ ክፍል በሙሉ ግራኝ ነው እንዴ?»

አልጣሽ የምትባል የፊት ረድፍ ልጅ፣ የሉዋም የቅርብ ጓደኛ፣ ተነሳች። «አይ፣ የማያውቅ ነው ግራውን የሚያወጣው። መምህር ታረቀኝ ናቸው ያሉን።»

ፍሬዘር ፊቱን በጃኬቱ ሸፈነ።

«መምህር ታረቀኝ ያውቃሉ» አልኩ። «ቢነግሩን ጥሩ ነው።»

ቀስ ብለው ተነሱ። «ዜጋ ስላልሆነች ነው» አሉ። በመምህራን ማረፊያ ሲሉት ቀሏቸው ነበር። አሁን ልጅቷ ዞራ እያየቻቸው ነው።

«መጥረጉስ?» አለች ሉዋም። «አርብ ክፍል የመጥረግ ተራዬ ነው። እሱንም ዜጋ ይጥረገዋ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እስኪበርድ ጠበቅሁ።

«እንደገና ይመረጥ። ሉዋም አለቃ ትሁን የሚል?»

ቀኝ እጆች ወጡ። ከኋላ ሦስት ልጆች አላወጡም፤ ሰኞ ስማቸውን ሰሌዳ ላይ የጻፈችባቸው ናቸው። መብታቸው ነው።

ሲወጡ ዶክተሯ በር ላይ አስቆሙኝ። «ከዕቅድሽ ወጥተሻል።»

«አውቃለሁ።»

«መምህሩን ይቅርታ ትጠይቂያለሽ?»

«አልጠይቅም።»

ሊያግባቡኝ አልሞከሩም፣ አልተቆጡኝምም። የእሳቸውን ግማሽ ሞሉ። መምህር ታረቀኝ የሞሉትን ያየሁት በኋላ ነው፤ ሁለቱ ሲደመር ለማለፍ ይበቃል፣ ለማዕረግ አይበቃም። ፍሬዘር «ለጠመኔ!» እያለ ሳምንት ሙሉ ቀለደብኝ።

ሐሙስ ጠዋት የመምህሩን ክፍለ ጊዜ ለመታዘብ ጥግ ቆሜያለሁ፤ እሳቸው ዘገዩ፤ ክፍሉ ገበያ ሆነ። ሉዋም ተነስታ ሰሌዳው ላይ «ረባሾች» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ሁለት ስም። የመጀመሪያው የአልጣሽ ነበር። መምህር ታረቀኝ የገቡት ሦስተኛውን ስትጀምር ነው።

«ማን ፈቀደልሽ?»

ከኋላዋ ቀኝ እጆች አንድ በአንድ ወጡ፤ ያለ ድምፅ፣ የአልጣሽም ጭምር። መምህሩ ክፍሉን አዩ፣ ጥግ የቆምኩትን እኔን አዩ፣ ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉላት።

«ጠመኔውን አምጪ።»

«አንድ ስም ይቀረኛል» አለች ሉዋም፤ ወደ ሰሌዳው ዞራም የጀመረችውን ጨረሰች።