የታናሽ ወንድሟ ልብ

ሥራዋ የሰው ልብ በአልትራሳውንድ ማየት ነው። አሥራ አራት ዓመት መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የስንቱን ልብ አይታለች፤ የታናሽ ወንድሟን ግን አይታ አታውቅም ነበር።

ወንድሟ ቀለም ቀቢ ነው። «ልቤ ድንገት ይጋልብብኛል፤ ከዚያ ዓይኔ ይጨልማል» ሲላት፣ «እንቅልፍ አትተኛም፣ ሲጋራ አትቀንስም፣ ምን ይሁን ትላለህ?» ብላ አለፈችው። ሁለቴ ራሱን ስቶ ወደቀ። በሦስተኛው ከመሰላል ላይ ወድቆ ቀኝ ክንዱ ሲሰበር ግን እየጎተተች ወደ ክፍሏ አመጣችው።

ሸሚዙን አውልቆ በግራ ጎኑ ተኛ። ጄሉ ደረቱን ሲነካው፣ «ይቀዘቅዛል እኮ፣ እትዬ» አለ።

«ዝም ብለህ ተንፍስ።»

ስክሪኑ ላይ፣ በልቡ የግራ ግድግዳ ውስጥ የእንቁላል ያህል ነጭ ነገር ተቀምጧል። ልቡ ሲኮማተር እሱ ንቅንቅ አይልም። መሣሪያውን አንስታ እንደገና አስቀመጠችው። እዚያው ነው።

«ምን አገኘሽ?»

«ሐኪሙ ይየው።»

ጄሉን ከደረቱ ላይ ጠርጋ ሸሚዙን አቀበለችው።

የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ምስሉን ደጋግሞ ካየ በኋላ ሁለቱን አስቀምጦ ነገራቸው። የልብ እጢ ነው፤ ብዙ ሐኪም በዕድሜው አያየውም። ካንሰር አይደለም፤ ነገር ግን ከጡንቻው ጋር ተዋህዶ ስላደገ ቢቆርጡት ልቡ አይተርፍም። ምቱን የሚያዛባውም እሱ ነው። ሲዛባ በኤሌክትሪክ የሚመልስ መሣሪያ ደረቱ ውስጥ ሊቀበር ይችላል፤ ወረፋው ግን አራት ወር ነው። እስከዚያ ኪኒን።

ወንድሟ ሳቀ። «ድሮም ልቡ ያበጠ ነው ትሉኝ ነበር።»

እህቱ የኪኒኑን ማዘዣ ተቀብላ ተነሳች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ቤት ውስጥ በደህናው እጁ ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ እንዳለ በአፍጢሙ ተደፋ። እህቱ ገልብጣው ደረቱን መጫን ጀመረች። ክንዷ እስኪዝል፣ ላቧ ፊቱ ላይ እስኪንጠባጠብ ተጫነች። ጎረቤቶች ብብቷን ይዘው አነሷት።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል እናታቸው ጠየቀቻት።

«ቀደም ሲል ያመኛል ብሎ አያውቅም? ለአንቺ እንኳ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «ነግሮኛል፣ እማዬ» አለች።

 እናትየዋ ተነስታ የወንድ ልጇን አልጋ አንሶላ መግፈፍ ጀመረች። ሴት ልጇ ልታግዛት ጫፉን ስትይዝ፣ እናት ቀና ሳትል፣ «ተይው» አለቻት።