የአብዱሰላም አባት ባርኔጣ

በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ካሕሳይና ባለቤቱ ንጋትወርቅ አንዲት ጠባብ የባርኔጣ ቤት ነበረቻቸው። ካሕሳይ ሙያውን የተማረው በወጣትነቱ፣ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከአንድ አርመናዊ ነው። ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን የጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ ባርኔጣውን የሚያሳድሰው እሱ ዘንድ ነበር። ባቡሩ ከቆመ በኋላም የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች፣ ከመልካ ወረር የሚመጡ የእርሻ ባለሙያዎችና የየሠፈሩ ሽማግሌዎች ቤቷን አልረሷትም።

ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነበር። ንጋትወርቅ ሪባን ትሰፋለች፣ የውስጡን ቆዳ ትቀይራለች፣ አቧራ ታራግፋለች። ባርኔጣውን በእንፋሎት አለስልሶ፣ ፎርማ በሚሉት ራስ መሳይ እንጨት ላይ ወጥሮ ቅርጽ ማስያዝ ግን የካሕሳይ ብቻ ነው። ፎርማዎቹን ሌላ ሰው ከመደርደሪያ ሲያወርድበት እንኳ ደስ አይለውም።

ካሕሳይን ደም ግፊት ከጣለው ወዲህ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ይንቀጠቀጣል፤ የያዘውን ይጥላል። ይህን ለማንም አልተናገረም። ደንበኛ ሲመጣ፣ «ሥራ በዝቶብኛል፣ ሌላ ጊዜ ና» እያለ ይመልሳል። ንጋትወርቅም እየሰማች መስፋቷን ትቀጥላለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አብዱሰላም የሚባል የአፋር ሰው በእጁ ፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። አሳይታ ውስጥ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነው። ከፌስታሉ ያወጣው ግራጫ የሱፍ ባርኔጣ ዝናብ መትቶት ተኮማትሯል፤ ክፈፉም ወደ ላይ ተቆልምሟል።

«የሟቹ አባቴ ነው» አለ። «እዚህ ጣቢያ ዘበኛ ነበር። ጋሽ ካሕሳይ፣ እርስዎ ነበሩ የሚያድሱለት።»

ካሕሳይ ባርኔጣውን በግራ እጁ ተቀብሎ ገለበጠው። «አስታውሰዋለሁ። ነፍሱን ይማር።»

«ልጄ ሀምዳ ቅዳሜ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች። ትምህርት ቤት ያስገባት አያቷ ነው፤ እኔ እንኳ ከብት ትጠብቅልኝ ብዬ ነበር። እና፣ ‹የአያቴን ባርኔጣ አድርገህ ና› አለችኝ።» ትንሽ አፈረ። «ችግሩ የእኔ ራስ ነው። ልጅ ሆኜ ከግመል ወድቄ በግራ በኩል አብጦ ቀርቷል። ምንም ዓይነት ባርኔጣ አይቀመጥልኝም። ይሄ ደግሞ ጭራሽ አናቴ ላይ ነው የሚንሳፈፈው።»

ንጋትወርቅ ካሕሳይ የተለመደውን ሰበብ ያቀርባል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን፣ «ቁጭ በል፣ ልለካህ» አለ።

የራስ ቅርጽ የሚለካው በቀጭን ሽቦ ነው። ሽቦው ራስን ዞሮ እንዲጣበቅ ይደረግና ቅርጹን እንደያዘ ተነሥቶ ካርቶን ላይ ይሣላል። ካሕሳይ ሽቦውን አብዱሰላም ራስ ላይ ሊያስተኛ ሲሞክር እጁ ተንቀጠቀጠ። ሽቦው ተጣመመ። አቃንቶ ደገመው፤ አሁንም ተጣመመ። አብዱሰላም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ንጋትወርቅ ከመስፊያ ቦታዋ ተነሣች። «ቅር ካላለዎት እኔ ልለካዎት።»

«ምን ቅር ይለኛል እህቴ። ለኪኝ።»

ሽቦውን ከግንባሩ ጀምራ ቀስ እያለች አዞረችው፤ እብጠቱ ጋ ስትደርስ በጣቷ ጫን አድርጋ አጎበጠችው። ካርቶኑ ላይ የወጣው ሥዕል በአንድ ጎኑ ያበጠ ድንች ይመስል ነበር። አብዱሰላም አይቶት ሳቀ። ከዚያ ሐሙስ ሊመለስ ተስማምቶ፣ ዘመድ ወደሚጠይቅበት ወደ መልካ ወረር ሄደ።

ካሕሳይ በሩ ሲዘጋ ጠብቆ፣ «እኔ እሠራዋለሁ» አለ።

በራዱን ከሰል ላይ ጣደ። እንፋሎቱ ሲወጣ ባርኔጣውን ከበላዩ ያዘ። ብዙም ሳይቆይ ባርኔጣው ከእጁ አመለጠ፤ ሊይዘው እጁን ሲዘረጋ ጣቶቹ በራዱ ላይ አረፉ። ንጋትወርቅ ባርኔጣውን ከአመድ አውጥታ አራገፈችው። የተቃጠለውን እጁን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ያዘችለት።

«አንተ እየነገርከኝ እኔ ልሥራው» አለች።

«የሰው አደራ ነው። ብታበላሺውስ?»

«የማንሠራው ከሆነ ሰውዬውን ያኔውኑ መመለስ ነበረብን። ተቀብለናል እኮ።»

ካሕሳይ ወጥቶ ወደ ጣቢያው አግዳሚ ሄደ።

ንጋትወርቅ ብቻዋን ቀረች። ከመስፊያ ቦታዋ ሆና ለዓመታት ያየችውን በሐሳቧ አንድ በአንድ አመጣችው። ሪባኑንና የውስጡን ቆዳ ፈታች። ሱፉን በእንፋሎት ላይ እያዞረች፣ በመዳፏ መካከል እንደ እርጥብ ሊጥ እስኪለዝብ ጠበቀች። ከዚያ ትልቁን ፎርማ አውርዳ ባርኔጣውን ከላዩ ጎተተችበት። ወረደ፤ ግን እኩል ክብ ሆኖ ነው የወረደው። ካርቶኑን ከሥሩ አስጠግታ ስታየው አብዱሰላም ራስ ላይ እንደማይሆን ገባት።

አወለቀችው። አሮጌ የጫማ ቆዳ በስስ በስሱ ቆርጣ፣ ከካርቶኑ ሥዕል ጋር እያስተያየች፣ የፎርማውን ግራ ጎን በሙጫ ደራረበችበት። ጠርዙን በምላጭ አሳሳችው፤ ሻካራ ሆኖ በሱፉ ላይ ምልክት እንዳይጥል በብርጭቆ ወረቀት ፈተገችው። ባርኔጣውን እንደገና በእንፋሎት አለሰለሰች። ሁለተኛ ስትጎትተው ሱፉ እብጠቱ ጋ ሲደርስ እምቢ አለ። ቢቀደድ የማይመለስ ነገር ነው። እያሞቀች፣ በትንሽ በትንሹ፣ በአውራ ጣቶቿ ወደ ታች ገፋችው። ክንዶቿ ዛሉ። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ከዚያ ድንገት ሱፉ ለቀቀና ቁልቁል ተንሸራቶ ፎርማውን እንደ ቆዳ ለበሰው።

ቅርጹ እንዳይለቅ ሲባጎ በአናቱና በክፈፉ መጋጠሚያ ላይ ዙሪያውን አስራ፣ ክፈፉን ልትተኩስ ካውያውን ስታነሣ ካሕሳይ በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላወቀችም። ጎንበስ ብሎ ፎርማውን ዞረው። ደራርባ የለጠፈችውን ቆዳ በሱፉ ላይ ዳሰሰው።

«ሲባጎው ከኋላ ትንሽ ዝቅ ይበል» አለ።

ዝቅ አደረገችው። እሱም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እስክትጨርስ አያት።

በማግስቱ ሲደርቅ ከፎርማው አውጥታ አናቱን በእጇ አሰረጎደች፤ የፊቱን ሁለት ጎን በጣቶቿ ቆነጠጠች፤ ክፈፉን በእርጥብ ጨርቅ ላይ ተኩሳ ከፊት ወደ ታች አጎነበሰችው፤ ሪባኑንና የውስጡን ቆዳም መልሳ ሰፋችበት።

ሐሙስ አብዱሰላም መጣ። መስታወቱ ፊት ቆሞ ባርኔጣውን አጠለቀ፤ እጁን አነሣና ጠበቀ፤ የሚንሳፈፍ መስሎት ነበር። አልተንሳፈፈም። ጎንበስ ቀና አለ። በር ላይ ወጣ። ጭነት የያዘ ተሳቢ በአጠገቡ አልፎ ነፋሱ ሽርጡን ሲያርገበግበው ባርኔጣው ባለበት ነበር።

«ማሻአላህ» አለ ሲመለስ። «ጋሽ ካሕሳይ፣ እጅዎ ይባረክ።»

ካሕሳይ፣ «አሜን» አለ።

ንጋትወርቅ ወደ መርፌዋ ጎንበስ አለች። አብዱሰላም ግን ምንም አላየም፤ ሁለቱም ለምርቃቱ አብረውት ካልሄዱ እንደሚቀየም እየተናገረ ነበር። «አባቴ ቢኖር እናንተን ሳይጠራ አይቀርም ነበር» አለ። ካሕሳይ ከታመመ ጀምሮ ከከተማው ወጥቶ አያውቅም። እሺ ማለቱ ንጋትወርቅን አስገረማት። አርብ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሲጓዙ እሱ በመስኮት ያይ ነበር፤ እሷም ፊቷን ወደ ሌላው ጎን አዙራ ተቀምጣ ነበር።

ቅዳሜ በሰመራ ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ይፋጅ ነበር። ሀምዳ በጥቁር ጋዋን ከሰልፉ ወጥታ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ አባቷ ነው። ባርኔጣውን አይታ ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። ፎቶ አንሺው አብዱሰላምን፣ «ጥላ እንዳይሠራ ባርኔጣውን ያውልቁት» ሲለው፣ «እሱማ አይሆንም» ብላ የመለሰችው እሷ ናት።

ከሰዓት በኋላ ዘመድ አዝማድ በዳስ ሥር ተሰብስቦ የፍየል ሥጋ ቀረበ። ከእንግዶቹ መካከል አቶ ወልደ ኢየሱስ ነበሩ፤ ድሮ በአዋሽ ጣቢያ ትኬት ቆራጭ የነበሩ፣ ዛሬ ልጃቸው በሚሠራበት በሰመራ የሚኖሩ ሽማግሌ። ባርኔጣውን ተቀብለው ከውስጥም ከውጭም አገላብጠው አዩት።

«ይህን የመሰለ ሥራ ካየሁ ቆየሁ» አሉ። «የማን እጅ ነው?»

«የጋሽ ካሕሳይ ነዋ» አለ አብዱሰላም።

ሰው ሁሉ ወደ ካሕሳይ ዞረ። ካሕሳይ ሰሐኑን አስቀምጦ ተነሣ።

«የእኔ አይደለም» አለ። «እጄ እንደምታዩት ነው፤ ብርጭቆ እንኳ በወጉ አይዝም። እኔ ልሞክር ብዬ አመድ ውስጥ ነው የጣልኩት። የሠራችው ንጋትወርቅ ናት። ማንም አላሳያትም። እኔ ሳልነግራት፣ ጥያት ወጥቼ፣ ብቻዋን ሠራችው። ሐሙስ ዕለት አብዱሰላም ሲመርቀኝ አሜን ብዬ ምርቃቷን ወሰድኩባት። አሁን እመልሳለሁ።» ትንሽ ትንፋሽ ወሰደ። «እኔ በደህና ጊዜዬ እንዲህ ላለ ራስ ሠርቼ አላውቅም።»

አብዱሰላም ወደ ንጋትወርቅ ዞሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እህቴ፣ ምርቃቱ ያንቺ ነው።»

ንጋትወርቅ አንገቷን አልደፋችም። እዚያ በተሰበሰበው ሰው መካከል ቀና ብላ ተቀምጣ፣ «አሜን» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ። ሀምዳ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠችና እንዴት እንደሠራችው ትጠይቃት ጀመር። ንጋትወርቅም ስለ ቆዳው፣ ስለ ሙጫው፣ ሱፉ እምቢ ብሎ ስለቆየባት ቅጽበት ነገረቻት። ስትናገር ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት፤ ደስ የሚል ድምፅ ነበር።

አቶ ወልደ ኢየሱስ የራሳቸውን ጥቁር ባርኔጣ አውልቀው ዘረጉ። ለካሕሳይ አልነበረም። ንጋትወርቅ ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ ጠርዙን በጣቷ ፈተነች።

«ክፈፉ ይቃናል» አለች። «ውስጡ ግን አዲስ ቆዳ ይፈልጋል። አዋሽ ይዤው ልሂድ?»

«ይዘሽው ሂጂ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

ካሕሳይ ከአጠገቧ ተቀምጦ፣ በግራ እጁ ሥጋ እየቆረሰ በሰሐኗ ላይ ያኖርላት ነበር።