የሮቦቱ አምስት ጣቶች

ጡረታ የወጣው አናጢ ዓይኑ እያየ የማያልፈው ነገር ቢኖር የተቦጫጨረ ጣውላ ነው። በሴት ልጁ ርካሽ ሲኤንሲ፣ በኮምፒውተር እየታዘዘች ብረት በምትቆርጠው ማሽን ላይ፣ ላሜራ የሚታሰርበት ጣውላ ደግሞ የመቁረጫው ጠባሳ ያልነካው ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ጠዋት ልጁ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ፈቶ አወረደው፣ እንደ መስታወት አድርጎ ላገውና መልሶ አሰረው። ስታይ ደስ ይላታል ብሎ ብቻውን ፈገግ አለ።

ልጅቱ የቴክኒክ መምህር ናት። ነገ ለተማሪዎቿ የምታሳየው ሮቦት እጅ አለው፣ ጣት ግን የለውም። አምስቱን ጣቶች የምታወጣበት የአሉሚኒየም ላሜራ የቀራት አንድ ቁራጭ ነው። ከዳቦ ቤት ስትመለስ በጥድፊያ ጣውላውን ልብ ሳትል እሱኑ አሰረችና ማሽኗን አስነሳች። ማሽኗ ጠረጴዛውን እያንቀጠቀጠች አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኸች። ሲያልቅ ላሜራውን ፈትታ ብታነሳው፣ ጣቶቹ አልተላቀቁም፤ ከሥር ስስ ብረት ይዟቸዋል።

"አባዬ፣ ጣውላውን ነክተኸዋል እንዴ?"

"አሳመርኩት እንጂ ምን ነካሁት።"

"ስንት ላግክለት?"

"አንድ ሚሊሜትር ብትሆን ነው።"

ልጅቱ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። "ማሽኗ የምታውቀው የትናንቱን ከፍታ ነው። ጣውላው ሲወርድ ላሜራውም አብሮ ወረደ፣ እሷ ግን በድሮው ልኳ ቆረጠች። አሁን ደግሞ ፈትቼዋለሁ። መልሼ ሳስረው ትንሽ ከተዛነፈ ጣቶቹን ትበላቸዋለች።"

አናጢው ላስደስታት ብሎ ሥራዋን ገደል ከተተው። ላሜራውን ወደ መስኮቱ ወስዶ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"ይሄ እኮ በቀጭን መጋዝ ይወጣል።"

"በእጅ ከሆነ ይጣመማል፣ አባዬ።"

"የምትተኚበትን አልጋ ማን ሠራውና ነው? ጠመመብኝ ብለሽ ታውቂያለሽ?"

"አንዱን እግር በታጠፈ ወረቀት ነው የደገፍኩት።"

"እሱ የወለሉ ጥፋት ነው።"

ሳትወድ ሳቀች። እሱ ግን ላሜራውን በሞርሳው መንጋጋ ጠፍሮ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የመጀመሪያውን ጣት በመጋዝ አላቀቀና ጠርዙን በሞረድ አስተካክሎ ሰጣት። በካሊፐር ለካችው። ደግማ ለካችው። ከሮቦቱ መዳፍ ጋር በብሎን ስታገጣጥመው፣ ጣቱ እጥፍ ዘርጋ አለ።

"ዕድልህ ነው" አለች።

"እንግዲያው አራት ዕድል ይቀረኛል።"

ሁለተኛውን አላቅቆ ሦስተኛውን ሲጀምር፣ ሌላ ሞረድ አንስታ አጠገቡ ቆመችና የሁለተኛውን ጠርዝ መሞረድ ጀመረች። ጥቂት አያትና ክርኗን ነካ አደረጋት።

"ዝቅ አድርጊው። አትጫኚ፣ ሞረዱ ራሱ ይሂድ።"

ዝቅ አደረገችው።