አፉ በሉኝ

...በማይክራፎን! እሱ እኮ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ጎረቤቴ እብሬ፣ ግድግዳ የምንጋራው ሰውዬ፣ ሐጅ ሊሄድ ነውና በመስጊዱ ማይክራፎን አፉ በሉኝ ይላል፣ ያስቀየምኳችሁ የሰቆጣ ሰዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አፉ በሉኝ። አፉ ብለናል ይላል ሰዉ፣ ይቅር ብለናል ማለታቸው ነው፣ ለእኔ ግን አፉ ያው አፉ ነው፣ የእብሬ አፍ፣ ባንቺ፣ አታስቢ፣ ልጅሽ ሰርካለም ለእኔም ልጄ ናት ያለኝ አፍ።

የመስጊዱ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ከነማተቤ፣ ማንን ፈርቼ። ግቢው ውስጥ ሐጃጆቹ ይለማመዳሉ፣ ጠረጴዛ ጥቁር ጨርቅ አልብሰው ይዞሩታል፣ ካዕባ መሆኑ ነው፣ እብሬም ነጭ ለብሶ ይዞራል፣ በሩ ጋ ሲደርስ አንገቱን ይደፋል፣ አይቶኛል፣ አላየሁም ይበልና! ዙር! እኔስ ደጅህን ስዞር አልከረምኩም? ስልኳ አይሠራም እብሬ፣ ሥራ በዝቶባት ነው ይለኛል፣ ድምጿ ናፈቀኝ እብሬ፣ ደህና ናት አልኩሽ እኮ። ምን ደህና! ሳውዲ የላካት እሱ፣ በክርስቲያን ስም አይሆንም ብሎ ሰዓዳ ያሰኛት እሱ፣ እና አሁን በየትኛው ስም ትፈለግ? እርሜን ላውጣ ወይስ ልጠብቅ?

ጓደኛዬ ለተሥላሴ ደግሞ ከጎኔ ትጎሽመኛለች፣ ሰው ለሐጅ ሲሄድ ቂም አይያዝም፣ አፉ በይው እንጂ። አንቺ በይው፣ ያንቺ ልጅ ቤትሽ ናት።

መጣ። ዓይኑ መሬት ላይ። ባንቺ፣ አፉ በይኝ፣ አንቺ ካላልሽኝ ሐጄ ሐጅ አይሆንም። አራስ ሳለሁ ማርና ቅቤ ይዞ የመጣው ይኸው ሰው ነው፣ ሆዴ ሊባባ፣ ኧረ አይባባም! ስለ ምኑ ነው አፉ የምልህ? ስሙን ጥራው። የት እንዳለች አታውቅም አይደል? ወላሂ አላውቅም፣ ከጥምቀት ወዲህ ወሬዋም የለኝ፣ ፈርቼ ነው የዋሸሁሽ።

ከጥምቀት ወዲህ! እኔ እኮ ደህና ናት ስትለኝ እንቅልፍ እተኛ ነበር፣ አንተ የሰው ጉድ፣ በኽምጣኛ ልስደበው ወይስ በአማርኛ፣ ሁለቱም አጠረኝ።

ሂድ እሺ። የምትሄደው ያለችበት አገር ነው፣ ሂድና ፈልጋት፣ ሰዓዳ ብለህ እንዳትጠራት፣ ሰርካለም በላት፣ አፉ በይኝ በላት፣ እሷ ካለች እኔም ብያለሁ። ስትመለስ አገሩ በእልልታ ሐጂ ይበልህ፣ እኔ አልልህም፣ ልጄ ከዚያ ሆና በራሷ ስም እስክትደውልልኝ እብሬ ነህ፣ እብሬ ብቻ...